ወደ ላይ ወጥታችሁ ስደቡኝ

ጋሽ ሽኩር ማረፋቸውን የሰማሁት በጥር ነው። ለጥምቀት ቡኢ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። መምህር አያሌው ደወሉልኝና «ዘነበች፣ ሽኩር ዛሬ ጠዋት ዐረፈ» አሉኝ። እኔም ሳላስበው «ውሃ ወሰዳቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መምህር እያለቀሱ ሳቁ። «በጥር ምን ውሃ አለ ልጄ? አልጋው ላይ ነው የሞተው። ደረቅ እንዳለ ነው የሞተው።»

አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት። ቡታጅራ ደርሼ ለቅሶ ስቀመጥ ግን እንደዚያ የጠየቅሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሰማሁ። የሰፈሩ ግማሽ «የት ወንዝ?» ብሎ ነው የተነሳው። ጋሽ ሽኩር ይህን ቢሰሙ ይቀየሙ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎርፍ ሲጠብቁ ኖረው፣ ሰውንም ሁሉ በጎርፍ ሲያስፈራሩ ኖረው፣ አቧራ በሚጨስበት ወር በተራ ሳል መሞት ለሳቸው የሚመጥን አልነበረም።

ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ከገበያው በታች ነው፤ ከኋላው ፈፋ ያልፋል። በበጋ ዶሮ ሳይረጥብ የሚሻገረው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ውሃ የሚወርድበት ፈፋ ነው። እሳቸው ዘንድ የገባሁት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ሥራ ስፈልግ ነው። ያኔ ሰው ሰላም ሲለኝ በአፌ አልመልስም፤ በአንገቴ ነበር የምመልሰው። አክስቴ ይዛኝ ሄዳ «ትንሽ ዝም ትላለች እንጂ እጇ ጥሩ ነው» ስትላቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ከዚህ በፊት የነበረችው ስታወራ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታብኛለች» አሉ። «ይቺ ምንም አትበል። እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ።»

ቃላቸውን አክባሪ ነበሩ፤ ለሁለታችንም አወሩ። ስሜን ሲሰሙ ደግሞ ሌላ ወሬ አገኙ። በተወለድኩ ቀን ዝናብ ስለጣለ አያቴ ያወጡልኝ ስም ነው። ጋሽ ሽኩር ግን «ልጅን በዝናብ ስም የሚጠራ ሰው ጎርፍ አይቶ አያውቅም» እያሉ ደመና በጠቆረ ቁጥር «ዘነበች፣ ዘመዶችሽ መጡ» ይሉኝ ነበር።

የሰፉት ሱሪ ሁሉ ያጥር ነበር። በሁለት ጣት። ልኩን በሜትር ይለካሉ፣ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ደንበኛው ፊት «አንድ መቶ ሁለት» ብለው ይናገራሉ፤ ሱሪው ሲያልቅ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ገበያ ውስጥ የጋሽ ሽኩርን ደንበኛ ከኋላው ታውቁታላችሁ፤ ካልሲው ይታያል። መምህር አያሌው ከጎጃም ለማስተማር መጥተው፣ እዚሁ አግብተው የቀሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከእኛ ሱቅ በረንዳ ላይ የራሳቸው በርጩማ ነበራቸው። በሳቸው ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተማሪው ሁሉ በሰልፍ ሲቆም የሚታየው ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር ይላሉ።

«ሽኩር፣ ጨርቁ አንሶህ ነው ወይስ እግሬን ልትሸጠው?» ይሏቸዋል።

«መምህር፣ ጨርቅ ሲረዝም ለውሃ መያዣ ይሆነዋል።»

አንዳንዱ ደንበኛ የተረፈውን ጨርቅ የሚያስቀሩ ይመስለው ነበር። አያስቀሩም። የተቆረጠችውን አጥፈው ከሱሪው ጋር ይሰጣሉ። በተለይ የሚብሱት በትንንሽ ሴቶች ልጆች ቀሚስ ላይ ነው። እናቶች ለአረፋ ወይም ለመስቀል ቀሚስ ሲያሰፉ፣ ልጅቷ እንድታድግበት ብለው ረዘም እንዲል ይፈልጋሉ። እሳቸው እሺ ይሉና ጫፉን ወደ ውስጥ ሦስቴ አጥፈው ይዘመዝሙታል። «ታጥፎ ይቀመጥ። ስታድግ አምጪያት፣ በነፃ እፈታላታለሁ» ይላሉ። አንዷ ሴትዮ ተናዳ «ልጄ ናት የምታድገው ወይስ የአንተ መቀስ?» ብላቸው አታውቅም መሰላችሁ? ብላቸዋለች። እሳቸው ግን ቀሚሱን አላስረዘሙላትም።

ሱቁ ራሱ ለመንደሩ ሳቅ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ከመንገዱ እኩል ሲሠራ እሳቸው አራት ደረጃ ከፍ አድርገው በድንጋይ ገነቡት። የከሰል ካውያው፣ ጣቃው፣ ያለቀው ልብስ፣ ሁሉም ከጣሪያው ሥር ነው የሚሰቀለው። ከመሬት የተቀመጠ ነገር ቢኖር የኔ እግር ብቻ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ምሳ ሲያመጡ ሳህኑን የሚያስቀምጡበት እያጡ «አንተ ሰውዬ፣ ወፍ አገባሁ እንዴ?» ይሏቸዋል።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ሰው ያውቃል። ልጅ ሳሉ ትልቅ ጎርፍ ወርዶ ነበር። ጋሽ ሽኩር ዘመን የሚቆጥሩት በሱ ነው። ንጉሥም ደርግም አያውቁም፤ ከጎርፉ በፊት እና ከጎርፉ በኋላ ብቻ ነው። ገበያው ከጎርፉ በፊት ከፈፋው ዳር ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ የወጣው። እነ እከሌ ከጎርፉ በኋላ ወደ ወልቂጤ የሄዱ ናቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው እስካሁን እዚያ ይነግዳሉ። የማን ቆጮ ከነጉድጓዱ ተጠርጎ፣ ሰፈሩ አንድ ወር ሙሉ ሲሸት እንደከረመ፣ የማን በሬ በማን ጓሮ እንደተገኘ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በበሬው ተጣልተው በኋላ እንደተጋቡ ይተርካሉ። ወሬው አይሰለችም ነበር፤ ችግሩ ውሃው በየዓመቱ ማደጉ ነው።

ከደረጃው አጠገብ፣ በውጭው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር አስምረው «ውሃው እዚህ ደረሰ» ብለው ጽፈውበታል። መምህር አያሌው ወጣት ሆነው ሲመጡ መስመሩ ወገባቸው ላይ ነበር ይላሉ። እኔ ስቀጠር ትከሻዬ ጋ ነበር። ግድግዳው በየጊዜው ሲቀባ ጋሽ ሽኩር መስመሩን እንደገና ያሰምራሉ፤ ባሰመሩ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል። የመጨረሻው ዓመት እጄን ዘርግቼ ነው የደረስኩበት።

«ሽኩር፣ ያለፈ ጎርፍ እንዴት ነው የሚሞላው?» አሏቸው መምህር። «ይህን እኔ አላስተማርኩም።»

«መምህር፣ አንተ ያስተማርከው በካርታ ላይ ያለውን ውሃ ነው» አሉ ጋሽ ሽኩር ብሩሹን እያጠቡ።

ከሁሉ የሚያናድዷቸው ግን የመስቀል ቤቶች ነበሩ። የኛ አገር ሰው አዲስ አበባም ይኑር ሐዋሳ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል እስላሙ ለአረፋ ወደ አገሩ ይመጣል። ያለው ሰው ደግሞ ለዚያች ለሁለት ሳምንት ብሎ ጥሩ ቤት ይሠራል። ቦታ የሚያየው በመስከረም ነው። በመስከረም የፈፋው ዳር ሣር ነው፣ አደይ አበባ ነው፣ ከታች ውሃው ብርጭቆ መስሎ ይወርዳል። ሰው አይቶ ይወዳል፣ ይገዛል፣ ይሠራል፤ ከዚያ ጠባቂ ወይም ተከራይ አስገብቶበት ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴን እዚያ የሚያሳልፉት ተከራዮቹና ልጆቻቸው ናቸው።

«አገሩን በመስቀል ብቻ የሚያውቅ ሰው» ይሉ ነበር ጋሽ ሽኩር፣ «ሚስቱን በሰርጓ ቀን ብቻ ያየ ሰው ነው።» እትዬ ከድጃ ይህን ሲሰሙ ምን ለማለት ነው ብለው ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ወሬ ይለውጣሉ።

እኔ በገባሁ ጊዜ በፈፋው ዳር ሰባት ቤት ተሠርቶ ነበር። የጋሽ ሽኩር ጭንቀት እነዚያ ሰባት ቤቶች ነበሩ። ከላይ ዘቢዳር ተራራ ላይ ዝናብ ሲጥል ከተማው ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ከተራራው ወርዶ እዚህ የሚደርሰው ሰው ልብስ አስጥቶ እያለ ነው። ያን ቀን ማን ይነግራቸዋል?

እሳቸው ሊነግሯቸው ቸርኬ ሰቅለው ነበር። የጭነት መኪና ቸርኬ ከጎሚስታ አምጥተው በረንዳው ላይ አንጠለጠሉ፣ መምቻ ብረትም አዘጋጁ። ያሳዝናል፣ ቸርኬው የተመታው በሙሉ በስህተት ነው። አንዴ ደመና አይተው መቱ፤ ደመናው ወደ ቡኢ ሄደ። አንዴ የተራራው ድምፅ መስሏቸው መቱ፤ ገልባጭ መኪና ነበር። ሦስተኛው በሰርግ ቀን ሆነ። ከሰባቱ ቤቶች በአንዱ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሊበላ ሲል ቸርኬው ጮኸ። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን አንስተው ጠረጴዛ ላይ አቆሟት። የሙሽራው አጎት አንድ ድስት ክትፎ ታቅፎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ውሃው ሳይመጣ ቀረ። ሰውየው ሲወርድ ግን ድስቱ ተጋምሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መምህር አያሌው እንደሚሉት ሼሁና ቄሱ ሳይከራከሩ የተስማሙበት ቀን ያ ነው። ቸርኬው እንደተሰቀለ ይቆይ፣ መምቻው ብረት ግን ከእድሩ ዕቃ ቤት ይቆለፍበት ተባለ። ብረቱ ከድስቶቹና ከወንበሮቹ ጋር ተቆለፈ። ለለቅሶ ዕቃ በወጣ ቁጥር ጋሽ ሽኩር ብቅ ይሉና የእድሩን ዕቃ ጠባቂ «ብረቴ ደህና ናት?» ብለው ይጠይቁት ነበር።

ሰው ይስቃል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን ከፊት ለፊታቸው ስለምቀመጥ አያቸው ነበር። ክረምት ሲገባ ፔዳሉን ረግጠው ትንሽ ሰፍተው ያቆማሉ፤ ጆሯቸውን ወደ ፈፋው ያዘነብላሉ፤ ደግሞ ይሰፋሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚያዳምጡ እንድጠይቃቸው ጠብቀው እንደማልጠይቅ ሲያውቁ ራሳቸው ነገሩኝ።

«ውሃ ሲጮህ አትፍሪ» አሉኝ። «እየሄደ ነው ማለት ነው። በክረምት መሀል፣ ሲወርድ የነበረ ውሃ ዝም ካለ ነው የምትፈሪው። ላይ ግንድና ድንጋይ ዘግቶታል። እየተጠራቀመ ነው።» ከዚያ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩኝና «ዝምተኛ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው። አንቺንም ለዚህ ነው የምፈራሽ» አሉ።

ካቻምና ነሐሴ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በሰባቱ ቤቶች አጥር ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ልጆች ከፈፋው ዳር ጭቃ ያቦካሉ። እኔ የተማሪ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ጋሽ ሽኩር መስፋት አቆሙ። እንደ ሁልጊዜው መስሎኝ ቀና አልኩ። የስፌት መኪናው ላይ ተደግፈዋል፤ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ዘነበች፣ ስሚ።»

አዳመጥኩ። የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ከመስጊዱ ወገን ሰው ይነጋገራል። ፈፋው አይሰማም። ጠዋት ሲያጉረመርም የነበረው ውሃ የለም።

ተነስተው ወደ በረንዳው ወጡ፣ ቸርኬውን በመዳፋቸው መቱት። ጫጩት የምትነቃበት ያህል እንኳ አልጮኸም። ጣራውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ የሚመቱበት ብረት የለም። መቀሱ ትዝ አለኝና አነሳሁት። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቢጮህስ? የሽኩር ቸርኬ ነው ብለው ይስቃሉ። እኔ ብጣራም ይስቃሉ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ጩኺ።»

አልችልም አልኳቸው። እንኳን መጮህ ያንንም ያልኩት በአንገቴ ነው።

«አንቺን ሰምተውሽ አያውቁም። ያንን ነው የምፈልገው። ሂጂ፣ ከመጀመሪያው ቤት እስከ ሰባተኛው እየጮህሽ ሂጂና እየሮጥሽ ወደዚህ ተመለሺ። የሚከተልሽ ይከተልሻል።» ድምፃቸው ተቀየረ። «የኔ ልጅ፣ እለምንሻለሁ።»

ወረድኩ። በመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቆምኩና አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛው ቤት ጋ እንደ ድመት የመሰለ ነገር ወጣ። ሦስተኛው ቤት ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ፈፋው ውስጥ፣ ውሃ በሌለበት ቦታ ቁጭ ብላ ጠጠር ስትለቅም አየኋት። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የኔ አይመስለኝም። ውሃ አላልኩም፣ ኑ አላልኩም፤ ዝም ብዬ ጮህኩ። ልጅቷን ከነጠጠሯ አንስቼ እየጮህኩ ሮጥኩ፣ ከሰባተኛው ቤት ዞሬ እየጮህኩ ተመለስኩ።

ሰው ወጣ። ውሃውን አምኖ እንዳይመስላችሁ። በኋላ እንደነገሩኝ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷ «ያቺ የሽኩር ሠራተኛ ናት፣ ያቺ ዱዳዋ» አለች። ሌላዋ «ሰውዬው ምን ቢያደርጋት ነው?» አለች። እንደዚያ ብለው ሊጡን እንደቦካ ትተው፣ የተኛ ልጅ አዝለው፣ አንዷ በግማሽ ሹሩባዋ፣ ከውሃው ሊሸሹ ሳይሆን ከጋሽ ሽኩር ሊገላግሉኝ ተከተሉኝ። እስከ ደረጃው ድረስ መጡና ከታች ሆነው ይሰድቧቸው ጀመር። ሽማግሌ ብለን ስናከብርህ፣ የሰው ልጅ ታሰቃያለህ፣ አላህን አትፈራም፣ እያሉ።

ጋሽ ሽኩር በደረጃው አናት ላይ ቆመው አንዲት ቃል አልተከራከሩም። ሁለቱን እጃቸውን ዘርግተው እንደ እንግዳ ተቀባይ ነበር የሚናገሩት።

«እውነታችሁን ነው» ይላሉ። «ስደቡኝ። ግን ወደ ላይ ወጥታችሁ ስደቡኝ።»

እንዲህ ያለ ልመና ሰምተው የማያውቁት ሰዎች ይበልጥ ተናደው ወጡ። በረንዳው ሞላ፣ ሱቁ ሞላ፣ የስፌት መኪናው ላይ ሰው ተቀመጠ። ጋሽ ሽኩር ስድባቸውን እየተቀበሉ በአገጫቸው ሰው ይቆጥራሉ። «የአራተኛው ቤት አሮጊትስ?» ብለው ጠየቁ፤ የልጃቸው ሚስት አዝላቸው እየመጣች ነበር። አሮጊቷም ከጀርባዋ ላይ ሆነው እየተሳደቡ ነው የመጡት። በመጨረሻ አሮጊቷ ታዝለው ደረጃውን ሲወጡ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ስለ ውሃው ብዙ አልጽፍም። ጥቁር ነበር፣ የእንሰት ግንድ ይዞ ነበር፣ ፊቱ ላይ እንደ እንጀራ ሊጥ አረፋ ነበረው። የተሰጣውን ልብስ ከነአጥሩ ወሰደው። የሚሳደብ ሰው አፉን ከፍቶ ስድቡን ሳይጨርስ ቀረ። ከሰባቱ ቤቶች ሦስቱ ፈረሱ፣ የቀሩት እስከ መስኮታቸው ጭቃ ሞላቸው። ዶሮ፣ ፍራሽ፣ የዓመት ቆጮ፣ የልጆች ደብተር ሄደ። ሰው አልሄደም። ያቺ ጠጠር ለቃሚ ልጅ ከእቅፌ ሆና ጠጠሯን በረንዳው ላይ ታሰልፍ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስንከፍት ያ መምቻ ብረት በሩ ላይ ተደግፎ አገኘነው። ማን እንዳመጣው የተናገረ የለም። ጋሽ ሽኩር አንስተው ገለባብጠው አዩትና ሰጡኝ።

«መልሺላቸው» አሉ። «እኔ ሌላ ቸርኬ አለችኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ቸርኬ እያሉ ነው የጠሩኝ።

መምህር አያሌው ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ጭቃው ገና ሳይደርቅ መጥተው የግድግዳውን ምልክት አዩ። ውሃው በኛ ግድግዳ ላይ የተወው የጭቃ መስመር ጉልበት ላይ ነው። ቀዩ መስመር ከበላዩ ሰማይ ነክቷል። «ሽኩር፣ ጎርፍህ መስመርህ ጋ አልደረሰም» አሉ። ጋሽ ሽኩር ፈገግ አሉ። መምህር ከሄዱ በኋላ ግን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ተንበረከኩና የጭቃውን መስመር ለኩ። ለክተው ቁጭ ብለው ቀሩ።

«ያው ነው» አሉኝ። «ያኔም እዚህ ድረስ ነው። ይሄ የአባቴ ቤት ደጅ ነበር።»

እንደ ልማዳቸው ለሁለታችንም አወሩ።

ራቢያ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። አምስት ዓመቷ ነው። ለአረፋ ቀሚስ ተሰፍቶላት ነበር፣ እንድታድግበት ተብሎ እስከ መሬት የሚደርስ። አላወልቅም ብላ ከበዓሉ በኋላም ለብሳው ትውል ነበር። ውሃው ሲመጣ እጇን የያዟት እሳቸው ናቸው። «ጉልበቴ ድረስ ነው የመጣው» አሉኝ። «ቆሜያለሁ እኮ። አልወደቅኩም። እሷ ግን ቀሚሷን ረገጠችው። ቀሚሱ ውሃ ጠጣ። ከበደችኝ።»

ሜትሩን በጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ጉልበት ድረስ ብዬ ለሰው ብነግር ማን ይሮጣል? ጉልበት ምን አላት? ልጅ ሆኜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሳቁ። ወገብ ድረስ ስላቸው ትንሽ ሰሙኝ። ትከሻ ስላቸው ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ከፍ አደረግሁት፣ አንቺ፤ ከፍ ባደረግሁት ቁጥር ደግሞ ውሸታም ሆንኩ።»

ከዚያ ከቀይ ክር ጥቅል አንዲት ቁራጭ በጥርሳቸው ቆርጠው፣ በሜትሩ ላይ የጭቃው ልክ ያለበት ቦታ አሰሯት። «እኔ ስሞት መስመሩን ትክክለኛ ቦታው ላይ አድርጊው። አንቺን ያምኑሻል። አንቺ ብዙ አታወሪማ።»

ከሞቱ በኋላ እትዬ ከድጃ ሱቁን እንድይዝ ፈቀዱልኝ፣ ሜትሩንም አንገቴ ላይ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ለዘንድሮው አዲስ ዓመት ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት። ቀዩ መስመር ከነጽሑፉ ጠፋ። ሲደርቅ ቀይ ክሯን ፈልጌ፣ ተንበርክኬ፣ ጉልበት ላይ አሰመርኩና «ውሃው እዚህ ደረሰ» ብዬ ጻፍኩበት።

መምህር አያሌው ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። «ዘነበች፣ ሽኩር ሲሞት ውሃውም ጎደለ?» አሉኝ።

እንደተንበረከክሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ፣ የራቢያን ነገር ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጨርሼ ስዞር መምህር ጫማቸውን ያያሉ። ያን ቀን ሳይቀልዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ የተገዛ ሱሪ በላስቲክ ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ትንሽ ረዝሟል» አሉ። ረዝሞ አልነበረም፤ ልካቸው ነው። «ሁለት ጣት።»

ባለፈው ሳምንት፣ በመስቀል ማግስት፣ አንድ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ከደላላ ጋር በፈፋው ዳር ይዞሩ ነበር። ከፈረሱት ከሦስቱ ቤቶች የአንዱ ቦታ ነው፤ ሣሩ በቅሎበታል፣ አደይ አበባው ፈክቷል። ሰውየው ቦታውን ወደውት በስልካቸው ያነሱታል። ሱሪያቸው ረጅም ነው፣ ጫፉ ጤዛ ጠጥቶ ጠቁሯል። በሱቃችን ሲያልፉ ቀዩን መስመር አይተው ጎንበስ አሉና ጉልበታቸውን ከመስመሩ ጋር አስተካክለው ሳቁ። «ይቺ ናት ጎርፋችሁ?» አሉ ለደላላው። ደላላው መንገድ መንገዱን አየ።

እኔ ከውስጥ የአንዲት ልጅ ቀሚስ እዘመዝማለሁ። ፈፋው ከኋላ በቀስታ ይወርዳል። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሳሁና በረንዳው ላይ ወጣሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው። «ይሄን ቦታ በነሐሴ አይተውት ያውቃሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አላውቅም። በነሐሴ ምን አለ?»

ሜትሩን ከአንገቴ አወረድኩ፤ ቀይ ክሯ ያለችበትን ቦታ በጣቴ ያዝኩ።

«ወደ ላይ ይውጡና ልንገርዎት» አልኳቸው።